የግብር ሠንጠረዡ ተቀይሮ ቴስቱ ለምን ዝም አለ? ጥገኛ ፋይሎች ሲለወጡ ቴስቶች በራሳቸው እንዲነሱ ስለማድረግ

ጥያቄው የመጣው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ካለው አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ነው። ቡድኑ በፓይተን የተጻፈ የደመወዝ ማስሊያ ሲስተም ይሠራል፤ ቴስቶቹ፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹት አጫጭር ፕሮግራሞች፣ በሙሉ ሲሮጡ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። ይህ ስለረዘመባቸው ቴስቶቹን በሚያስኬደው መሣሪያ በፓይቴስት ላይ ቴስትሞን የተባለውን ተጨማሪ አስገብተው፣ ፋይል በተቀመጠ ቁጥር የተነካውን ኮድ የሚመለከቱት ቴስቶች ብቻ በራሳቸው እንዲሮጡ አደረጉ፤ በውጤቱም ረክተው ነበር። ኋላ ላይ ግን የገቢ ግብር ሠንጠረዡን የያዘው የሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በኮማ የተለዩ ቁጥሮች የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በአዲሱ ምጣኔ ሲተካ ስክሪኑ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ማለትም ሁሉም አልፏል እንዳለ፣ ቆየ፤ አንድም ቴስት አልተነሳም፤ ችግሩ የታየውም በማግሥቱ ሰርቨሩ ላይ ቴስቶቹ በሙሉ ሲሮጡ ነው። ጠያቂው ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ለምን እንዲህ ሆነ፣ የዳታ ፋይል ሲለወጥም ቴስቶቹ በራሳቸው እንዲነሱ እንዴት ይደረጋል፣ ይህ ከተስተካከለ በኋላስ ሙሉውን ሩጫ መተው ይቻላል ወይ?

የመጨረሻውን ላስቀድም፤ ሙሉውን ሩጫ መተው አይቻልም። ቦታውንና ሰዓቱን መቀየር ግን ይቻላል፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

እርስዎ እንደ አንድ የሚያዩት ነገር በውስጡ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል። አንዱ ፋይል መለወጡን ማየት ነው፤ ሌላው የተለወጠው ፋይል የትኞቹን ቴስቶች እንደሚነካ ማወቅ ነው። የግቢ ዘበኛ ማን እንደገባ ይነግርዎታል እንጂ የገባው ሰው ከየትኛው ቤት ጋር ጉዳይ እንዳለው አይነግርዎትም። የመጀመሪያውን ሥራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለሚያግዝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ሁለተኛው ግን መሣሪያ በመጫን ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ እርስዎ ጋር የተፈጠረውም የሁለተኛው ጉድለት ነው።

ቴስትሞን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከቨሬጅ በተባለው የፓይተን መሣሪያ አማካይነት እያንዳንዱ ቴስት ሲሮጥ የትኞቹን የኮድ መስመሮች እንደረገጠ ይከታተላል፤ የተረገጡትን ፋንክሽኖች አሻራ፣ ማለትም ከይዘታቸው የተሰላ አጭር ቁጥር፣ በትንሽ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አሻራው የተለወጠ ፋንክሽን ሲያገኝ ያንን ፋንክሽን ረግጠው የነበሩትን ቴስቶች ብቻ ይመርጣል። የእርስዎን ሠንጠረዥ የሚያነበው ፋንክሽን ግን ከነበረበት አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጡት ቁጥሮቹ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ደግሞ ያሉት የፓይተን ኮድ ባልሆነ ፋይል ውስጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ መሠረት የወር ደመወዙ 2,000 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ ከ600 ብር በላይ ያለው 1,050 ብር በ10 በመቶ፣ ቀሪው 350 ብር በ15 በመቶ ታስቦ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ግን እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ከግብር ነፃ በመሆኑ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ 157 ብር ከ50 የሚጠብቅ ቴስት ካለዎት ሠንጠረዡ በተተካ በዚያው ቅጽበት መቅላት፣ ማለትም መውደቅ፣ ነበረበት። የቴስትሞን መመሪያም ቢሆን የቴስት ዳታን፣ የኮድ ያልሆኑ ፋይሎችን፣ የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮችን (ፕሮግራሙ ከሲስተሙ የሚያነባቸውን ቅንብሮች) እና የውጭ አገልግሎቶችን እንደማይከታተል ይናገራል፤ ይሁንና ማን መመሪያ እስከ መጨረሻው ያነባል?

መፍትሔውን ከመናገሬ በፊት፣ አንድ መሣሪያ ጥገኝነትን፣ ማለትም የትኛው ቴስት በየትኛው ፋይል ላይ እንደሚደገፍ፣ በምን መንገድ ሊያውቅ እንደሚችል መለየት ያስፈልጋል፤ ምርጫዎን የሚወስነው ይህ ነውና። ቀዳሚው መንገድ ሰው ራሱ እንዲጽፈው ማድረግ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ የሠራው ሜክ የተባለ የፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ይህ ውጤት ከእነዚህ ፋይሎች ይገኛል ብለው ይጽፉለታል፣ እርሱ ደግሞ ፋይሎቹ የተለወጡበትን ሰዓት እያወዳደረ ሥራውን ይደግማል። ጉግል በ2015 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የከፈተው ባዜል የተባለ የመገንቢያ መሣሪያም ጥገኝነቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃል፤ ነገር ግን በሊኑክስ ላይ ቴስቱን በታጠረ ቦታ ውስጥ ስለሚያስኬደው ያልተገለጸ የፕሮጀክቱ ፋይል ለቴስቱ አይታይም፤ መጻፍ የረሳ ሰው ቴስቱ ወዲያውኑ ይወድቅበታል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ሌላው መንገድ ኮዱን ሳያስኬዱ ማንበብ ነው። በጃቫስክሪፕት ዓለም ጀስትና ቪቴስት የተባሉት የቴስት ማስኬጃዎች የትኛው ፋይል የትኛውን እንደሚያስገባ አንብበው የግንኙነት ግራፍ ይሠራሉ፤ ጀስት የፋይል ለውጥን እየጠበቀ ሲሠራ የትኞቹ ፋይሎች እንደተለወጡ የኮድ ለውጦችን ከሚመዘግበው ከጊት ይጠይቅና በግራፉ ላይ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለከታቸውን ቴስቶች ያገኛል። ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ሆኖም በኮዱ ውስጥ በስም ተከፍቶ የሚነበብ የሲኤስቪ ፋይል በግራፉ ላይ የለም። በፓይተን ደግሞ ሞጁል በጽሑፍ ስሙ ሊጠራ ስለሚችል፣ የፓይቴስት ፊክስቸርም (ለቴስት የሚያስፈልገውን የሚያዘጋጅ ፋንክሽን) በፓራሜትር ስም ብቻ ስለሚገናኝ፣ ይህ መንገድ ብቻውን ይበልጥ ይደክማል።

ሦስተኛው ቴስቱ በሚሮጥበት ጊዜ የነካውን መመዝገብ ነው፤ ቴስትሞን የሚከተለው ይህንን ነው፤ ለጃቫ ሚሎስ ግሊጎሪችና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ኤክስታዚም እንዲሁ፣ ግን በክላስ ደረጃ። ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ የሚመስለኝ የጎ ቋንቋ አሠራር ነው። ከ1.10 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ጎ ያለፈ የቴስት ውጤትን ያስቀምጣል፤ ውጤቱን መልሶ ከመጠቀሙ በፊትም ኮዱን ብቻ ሳይሆን ቴስቱ በፕሮጀክቱ ውስጥ የከፈታቸውን ፋይሎችና የጠየቃቸውን የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮች ጭምር እንዳልተለወጡ ያረጋግጣል። የሲኤስቪ ጉዳይ በዚያ ቋንቋ ተመሳሳይ ጉዳት ባላደረሰ ነበር።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ቤት እንግባ። የእኔ ምክር ቴስትሞንን ለፓይተን ኮዱ እንዳለ እንዲያቆዩት፣ የዳታ ፋይሎቹን ግን በእጅ እንዲገልጹ፣ መግለጫው መጉደል አለመጉደሉን ደግሞ ማሽኑ እንዲቆጣጠር ነው። በደመወዝ ሲስተም ውስጥ የዳታ ፋይሎች ቁጥር ብዙ አይደለም፤ የግብር ሠንጠረዥ፣ የጡረታ መዋጮ ምጣኔ፣ የበዓላት ዝርዝር፣ የባንክ ፋይል አብነት፣ ምናልባት የደመወዝ ወረቀት ቅርጽ። እነዚህን በየጉዳያቸው በፎልደር ይክፈሏቸው፤ ከዚያ በአንድ ቦታ፣ የግብር ፎልደሩ ሲለወጥ የስሌት ቴስቶቹ በሙሉ ይሩጡ፣ የአብነት ፎልደሩ ሲለወጥ የሕትመት ቴስቶቹ በሙሉ ይሩጡ የሚል አጭር የጥገኝነት ሰንጠረዥ ይጻፉ። ይህ ሻካራ ነው፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ጋር በአንድ ፋይል ስላለ ብቻ የማይመለከታቸው ቴስቶች አብረው ይነሣሉ። ይነሡ። ያለፍላጎት የሮጠ ቴስት የሚያስከፍልዎ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ መሮጥ ሲገባው የተኛ ቴስት ግን የአረንጓዴውን ቀለም ትርጉም ያጠፋዋል፤ ሁለቱ ጥፋቶች በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

በአሠራር ረገድ ሁለቱን ምርጫዎች በአንድ የፓይቴስት ጥሪ ውስጥ ለማዋሐድ አይድከሙ። ቴስትሞን አላስፈላጊ ነው ብሎ ያወጣውን ቴስት ሌላ ተጨማሪ መልሶ ማስገባቱ አስቸጋሪ ነው። ፋይሎቹን የሚጠብቀው ትንሽ ስክሪፕት የተለወጠው የፓይተን ፋይል ከሆነ ቴስትሞንን ይጥራ፤ የዳታ ፋይል ከሆነ ደግሞ ከጥገኝነት ሰንጠረዡ ያገኛቸውን የቴስት ፎልደሮች ስም ሰጥቶ ፓይቴስትን ያለ ቴስትሞን ይጥራ። ሁለት ጥሪ፣ ሁለት ውጤት፤ ለሚያነበውም ሰው ግልጽ ነው።

አሁን ስለ ቁጥጥሩ። በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ሁሉ ውሎ አድሮ ይረሳል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ አዲስ ባልደረባ አንድ ፋይል ጨምሮ ሰንጠረዡን ሳይነካው ይሄዳል። ባዜል በማጠር የሚያደርገውን እርስዎ በማዳመጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ቋንቋው የኦዲት መንጠቆ የሚባል ነገር አለው፤ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ፓይተን ራሱ እርስዎ ያስመዘገቡትን ፋንክሽን ይጠራና የፋይሉን ስም ይሰጠዋል። መንጠቆውን ኮንፍቴስት በሚባለው የፓይቴስት ማዘጋጃ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት። በዚያ ቅጽበት የትኛው ቴስት እየሮጠ እንደሆነ ማወቁ አያስቸግርም፤ ፓይቴስት የወቅቱን ቴስት ስም በኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ ላይ ያስቀምጠዋልና። ከዚያ ደንቡ አንድ ነው፤ ቴስቱ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የፓይተን ኮድ ያልሆነ ፋይል ከከፈተና ያ ፋይል ለእርሱ ካልተገለጸ፣ ቴስቱ ይውደቅ፤ መልእክቱም የትኛውን መስመር በሰንጠረዡ ላይ መጨመር እንደሚገባ ይናገር። ፋይሉ የተከፈተው ማንም ቴስት በማይሮጥበት ጊዜ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሞጁሎች ሲጫኑ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ፋይል የሁሉም እንደሆነ ይቁጠሩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፤ ይህ መንጠቆ አንዴ ከገባ ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ድረስ አይወጣም፤ ስለዚህ በውስጡ የሚጻፈው ኮድ አጭርና ፈጣን ይሁን።

መንጠቆው የማይሰማቸው ነገሮች አሉ። ቴስቱ ሌላ ፕሮግራም አስነሥቶ ያ ፕሮግራም ፋይል ቢከፍት አይሰማም። በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ፋይሉን በራሱ መንገድ ቢከፍትም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን እጅግ የሚያሳስተው የራስዎ ኮድ የሚይዘው ካሽ፣ ማለትም አንዴ ተነቦ በሜሞሪ የሚቆይ ይዘት፣ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የግብር ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እንደ አዲስ አይነበብም፤ ማንኛውም ጤነኛ ሲስተም አንድ ጊዜ አንብቦ በሜሞሪ ያስቀምጠዋል። ቴስቶችዎ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ተከታትለው ሲሮጡ ፋይሉን በእርግጥ የሚከፍተው ሠንጠረዡን መጀመሪያ የጠየቀው ቴስት ብቻ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ስድሳም ሆኑ መቶ ከሜሞሪ ይወስዳሉ፤ መዝገቡ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በምዝገባ ላይ ብቻ የቆመ ሲስተም ቢሠሩ ኖሮ፣ ሠንጠረዡ ሲለወጥ ያ አንድ ቴስት ብቻ ይነሣ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ስለ ግብር ሳይሆን ስለ ስም አጻጻፍ የሚፈትሽ ሊሆን ይችላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የተመረጡት ቴስቶች ሌሎች ከሆኑ መጀመሪያ የሚከፍተውም ሌላ ስለሚሆን መዝገቡ ከቀን ቀን መለያየቱ ነው፤ ዛሬ የታየ ነገር ነገ አይደገምም፤ እንዲህ ያለውን ችግር ማሳደድ ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል። ፊክስቸር ለመላው ሩጫ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲዘጋጅ ሲደረግም የሚፈጠረው ይኸው ነው።

መውጫው ቀላል ነው። የዳታ ፋይሎችን የሚከፍት አንድ ፋንክሽን ብቻ ይኑርዎት፤ ማንም ሌላ ኮድ በቀጥታ አይክፈት። ይህ ፋንክሽን ይዘቱን ከሜሞሪ አውጥቶ ቢሰጥም እንኳ በተጠራ ቁጥር ይህ ፋይል ተፈልጓል ብሎ ለተቆጣጣሪው ያስታውቅ። እንዲህ ሲደረግ ካሹ ፍጥነቱን እንደሰጠ ይቆያል፤ ጥገኝነቱም አይሸሸግም። የኦዲት መንጠቆው ከዚህ በኋላ የሚቀርለት ሥራ በዚያ ፋንክሽን በኩል ሳያልፍ ፋይል የከፈተውን መያዝ ነው። ሠንጠረዡ ገና ሞጁሉ ሲጫን ተነቦ ወደ ክላስ ደረጃ ቋሚ የሚቀየርበት ቦታ በኮድዎ ካለ ያንን ያፍርሱት፤ ይህን ማስታወቂያ የሚያልፍ ሌላ በር ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጥገኝነት አለ፤ በሌለ ፋይል ላይ መደገፍ። ሲስተምዎ በበዓላት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ዘርዝሮ የሚያነብ ከሆነ፣ አዲስ ፋይል ሲጨመር ከነበሩት አንዳቸውም አልተለወጡም፤ ውጤቱ ግን ይለወጣል። አዲስ የኮንፍቴስት ፋይል በንዑስ ፎልደር ሲፈጠርም ከሥሩ ያሉ ቴስቶች በሙሉ ባሕርያቸው ሊቀየር ይችላል። ጥገኝነቱን በፎልደር ደረጃ ይግለጹ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የፎልደሩን አሻራ ሲያሰሉ የፋይሎቹን ይዘት ብቻ ሳይሆን የስማቸውንም ዝርዝር ያካትቱ።

አሻራ ወይስ ሰዓት ለሚለው፣ ያለማወላወል አሻራ እላለሁ። በጊት ከአንድ ብራንች (የኮድ ቅርንጫፍ) ወደ ሌላ ሄደው ሲመለሱ ይዘታቸው ምንም ሳይለወጥ ብዙ ፋይሎች አዲስ ሰዓት ይይዛሉ፤ በሰዓት የሚመራ መሣሪያ ሁሉንም ያስነሣል። አሻራው መቼ ይሰላ የሚለው ግን ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው። አንድ ሰው ቴስቶቹ እየሮጡ ሳለ ፋይሉን ደግሞ ቢያስቀምጥና እርስዎ አሻራውን በሩጫው መጨረሻ ቢያሰሉ፣ በአሮጌው ይዘት ላይ የተገኘውን ውጤት በአዲሱ ይዘት አሻራ ስም ይመዘግባሉ፤ አዲሱ ይዘት ፈጽሞ ሳይፈተሽ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ አሻራው ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፤ ሲያልቅ እንደገና ይሰላና ልዩነት ካለ ውጤቱ ሳይመዘገብ ሩጫው ይደገም። መዝገቡም በአንድ የኤስኪውላይት ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሙሉ በሙሉ ወይ ጨርሶ በማይጻፍበት መንገድ፣ ይጻፍ፤ ሩጫው መሐል ላይ መብራት ሄዶ ዴስክቶፑ ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ መዝገብ እንዳይጠብቅዎ።

ስለ መጠበቁ ሥራ በአጭሩ ልናገር። በሊኑክስ የፋይል ለውጥን የሚያሳውቀው አይኖቲፋይ ነው፤ ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.6.13 ጀምሮ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ። አንድን ፎልደር ሲጠብቅ ከሥሩ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮች አብሮ አይጠብቅም፤ መሣሪያው አንድ በአንድ ማስመዝገብ አለበት፤ የሚመዘገቡት ብዛትም ጣሪያ አለው። በቆዩ ከርነሎች ጣሪያው 8,192 ነበር፤ ከ5.11 ወዲህ በማሽኑ ሜሞሪ ልክ ይሰላል። ጣሪያው ሲሞላ የሚመጣው መልእክት በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም የሚል ስለሆነ፣ ሰዎች ዲስካቸውን ሲያጸዱ ይውላሉ፤ የሚያስፈልገው ግን ጣሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ወይም የላይብረሪ ፎልደሮችን ከጥበቃው ማውጣት ነው። ክስተቶቹ በአንድ ጊዜ በዝተው ወረፋው ሲፈስም ከርነሉ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የጎደለውን ከመገመት ሁሉንም አሻራ እንደገና ማስላት ነው።

ከባልደረቦችዎ አንዱ ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በደብሊውኤስኤል 2 የሚጠቀም ከሆነ፣ ፕሮጀክቱን ሲ ድራይቭ ላይ አስቀምጦ ከሊኑክሱ በኩል ሲጠብቀው የለውጥ ማሳወቂያው አይደርሰውም፤ ፕሮጀክቱን ወደ ሊኑክሱ የራሱ ፎልደር ማዛወር ነው መፍትሔው። በኔትወርክ የተጋራ ፎልደርም በሌላ ማሽን የተደረገ ለውጥን አያሳውቅም። በእነዚህ ሁኔታዎች ብዙ መሣሪያዎች በየጊዜው ፋይሎቹን እየዞሩ የመመልከት አማራጭ ይሰጣሉ፤ ይሠራል፣ ግን ፕሮሰሰሩን ስለማያሳርፈው መብራት በሌለበት ቀን የላፕቶፑን ባትሪ ይበላል።

ኤዲተሮችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቪም እንደ አቀማመጡ ፋይሉን በቦታው ላይ ከመጻፍ ይልቅ አዲስ ፋይል ጽፎ በስሙ ሊተካው ይችላል፤ የድሮውን ፋይል ብቻ የሚጠብቅ መሣሪያ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የሌለ ነገር ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን ሳይሆን ፎልደሩን ይጠብቁ። አንድ ጊዜ ማስቀመጥ በርካታ ክስተቶችን ስለሚፈጥር ከመጨረሻው ክስተት በኋላ ለ200 ሚሊሰከንድ ያህል ጸጥታ እስኪሆን መታገሥ ይበቃል። ቴስቶቹ ራሳቸው የሚጽፏቸውን ሎጎች፣ ሪፖርቶችና የፓይተን ካሽ ፎልደሮች ከጥበቃው ካላወጡ ቴስቱ ራሱን እያስነሣ እስኪያስቆሙት ድረስ ይሮጣል።

ፋይል ያልሆነ ጥገኝነት ግን በማናቸውም ጥበቃ አይያዝም፤ በደመወዝ ሲስተም ደግሞ ከእነዚህ ዋናው ቀኑ ራሱ ነው። ጳጉሜን አብዛኛውን ዓመት 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች፤ በ2015 ዓ.ም. 6 ስለነበረች የ2016 አዲስ ዓመት የገባው በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን ነው። የዛሬን ቀን ከማሽኑ ሰዓት የሚወስድ ቴስት አንድም ፋይል ሳይለወጥ ትናንት አልፎ ዛሬ ሊወድቅ ይችላል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነም፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰርቨሩ ገና ያለፈውን ቀን ይዞ ነው፤ የወር መዝጊያ ቴስት በዚህ ሰዓት ቢሮጥ የሚቆጥረው ሌላ ወር ሊሆን ይችላል። ቀኑንና የሰዓት ቀጠናውን ለኮዱ ከውጭ የሚሰጥ ግብዓት ያድርጉት፤ ቴስቱም ቋሚ ቀን ይስጠው፤ ጳጉሜን 6ን ጨምሮ። የዳታቤዝ ይዘትና የላይብረሪ ስሪት እንዲሁ ናቸው፤ ለላይብረሪው የስሪቶቹን መቆለፊያ ፋይል ሁሉም ቴስት ይደገፍበታል ብለው ይግለጹ፤ እርሱ ሲለወጥ 11ዱን ደቂቃ ይታገሡ።

እንግዲህ ሙሉው ሩጫ ለምን አይቀርም ወደሚለው ልመለስ። በዘርፉ ጥናት፣ ለምሳሌ ግሬግ ሮዘርሜልና ሜሪ ጂን ሃሮልድ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ አስተማማኝ የሚባለው አመራረጥ በለውጡ ምክንያት ሊወድቅ የሚችል ቴስትን የማያስቀር ነው፤ ይህ ግን የሚረጋገጠው ቴስቶቹ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲሮጡ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጡ ከሆነ ነው። ከላይ ያየናቸው ካሹ፣ ሰዓቱና የውጭ ፕሮግራሙ ሁሉ ይህን ቅድመ ሁኔታ የሚጥሱ ናቸው፤ ስለዚህ ምርጫው የሥራ ማፍጠኛ እንጂ የመልቀቂያ ፈቃድ አይደለም። በኤምአይቲ ዴቪድ ሳፍና ማይክል ኧርነስት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠኑት ያልተቋረጠ ፍተሻም ዓላማው ገንቢው ስህተቱን ገና ኮዱ ከአእምሮው ሳይወጣ እንዲያውቀው ማድረግ ነበር፤ ለዚያ ዓላማ የተመረጡት ቴስቶች ይበቃሉ።

ሙሉውን ሩጫ ወደ ዋናው ብራንች ከመቀላቀሉ በፊት እና በየሌሊቱ አንድ ጊዜ ያድርጉት፤ የሌሊቱን ያለ ምንም ካሽና ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው። ኢንተርኔቱ የሚያስቸግርባችሁ ከሆነ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ከመንጠልጠል ቢሮ ውስጥ ባትሪ ያለው አንድ ማሽን ለዚህ መመደቡን እመርጣለሁ፤ በቢሮው ኔትወርክ ላይ ስለሆነ መስመር ቢቋረጥም ማንም አይቆምም። የሌሊቱ ሩጫ አንድ ቴስት ከጣለና ያ ቴስት ቀን ላይ ተመርጦ ካልነበረ፣ ቴስቱን አስተካክለው ብቻ አይለፉ፤ የትኛው ጥገኝነት ከሰንጠረዡ እንደቀረ ፈልገው በዚያው ቀን ይጨምሩት።

ይህን ሁሉ ካቆሙ በኋላ መሥራት አለመሥራቱን የሚያውቁበት መንገድ እነሆ። የግብር ሠንጠረዡን ይክፈቱና ከግብር ነፃ የሆነውን ወሰን ከ2,000 ወደ 2,001 ብር ቀይረው ያስቀምጡት። የስሌት ቴስቶቹ ተነሥተው ቢያንስ አንዱ መቅላት አለበት። ምንም ካልተነሣ የጎደለው የጥገኝነት ሰንጠረዡ ነው፤ ተነሥተው ሁሉም ካለፉ ግን በወሰኑ ላይ የሚቆም ቴስት የለዎትም ማለት ነው፤ ያኔ የሚጻፈው ደመወዙ 2,000 ብርና 2,001 ብር ለሆነ ሠራተኛ የሚሆን ቴስት ነው። ይህንኑ በጡረታው፣ በበዓላቱና በአብነቶቹ ፋይሎች ላይ ይድገሙት፤ ሲጨርሱም ለውጦቹን በጊት መልሰው ይሠርዟቸው።